የሟች ደብተር

ጄኒፈር ሌቪን ከመሞቷ በፊት በማስታወሻ ደብተሯ ላይ አሰፈረችው የሚባለውን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አንድ ቀን ይህ ሁሉ ደስታ ዋጋ ያስከፍለኛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም የፈጠርኩት እኔው ነኝ። በአማርኛ ያነበባችሁት ወይም ሲተረክ የሰማችሁት ካላችሁ፣ ከዚያች ልጅ አፍም ከብዕሯም አልወጣም። እኔ ኒውዮርክን አይቼ አላውቅም። ገጹ የተጻፈው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ በነበረች ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ በ1986 ዓ.ም. ነው።

ጊዜውን የሚያስታውስ ያውቀዋል። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጁ ከወጣ ወዲህ መጽሔትና ጋዜጣ አዟሪው ከሚሸከመው በላይ ሆኖ ነበር። ዛሬ የወጣው በሚቀጥለው ወር ላይገኝ ይችላል፤ በፋንታው ሌላ ሁለት ይወጣል። ገበያውን የያዘው ፖለቲካ ነው። ፖለቲካ የማይደፍር አዘጋጅ ደግሞ ፍቅርና ወንጀል ይዞ ይመጣል፤ የእኛው ከእነዚህ ወገን ነበር። እኔ እንግሊዝኛ አነባለሁ ስለተባልኩ የውጭ አገር የወንጀል ታሪክ ዓምድ ተሰጠኝ። የምሠራበት ማቴሪያል ለገሃር አካባቢ መሬት ላይ ተዘርግተው የሚሸጡ አሮጌ መጽሔቶች፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ መጻሕፍት፣ አንዳንዴም ከውጭ የመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ብርጭቆ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ነበር። ከታሪኩ ግርጌ «ትርጉም» ብዬ ስሜን አሰፍራለሁ። ያልተረጎምኩትም ውስጡ ነበር።

የጄኒፈርን ጉዳይ ያገኘሁት ከእንዲህ ዓይነት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። ታሪኩ አሜሪካን ያነጋገረ ስለነበር ቀሪውን ከሌላ ቦታ መሙላት አልከበደኝም። ነሐሴ 20 ቀን 1978 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያኑ ኦገስት 26 ቀን 1986) ማለዳ ብስክሌት የምትነዳ አንዲት ሴት በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ፣ ከትልቁ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጀርባ፣ ዛፍ ሥር የወደቀ አስከሬን ታያለች። ሟቿ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ቦስተን ወደሚገኝ ኮሌጅ ለመሄድ ዕቃዋን የምትሸክፍበት ሰሞን ነበር። ሌሊቱን ከጓደኞቿ ጋር ዶሪያንስ በሚባል፣ የሀብታም ልጆች በሚያዘወትሩት መጠጥ ቤት አሳልፋ፣ ሊነጋጋ ሲል ሮበርት ቻምበርስ ከሚባል የ19 ዓመት ወጣት ጋር ወጥታለች።

ፖሊስ ቤቱ ሲሄድ የቻምበርስ ፊት በጥፍር ተቧጭሯል። ድመቴ ናት አለ። የድመቷ ጥፍር የተነቀለ ሆኖ ተገኘ። ቆይቶ ቃሉን ለወጠና በካሜራ ፊት ተቀምጦ ሌላ ታሪክ ተናገረ፤ ልጅቷ በወሲብ መካከል አሳመመችኝ፣ ከላዬ ላነሳት ስል ሳላስበው ሞተች አለ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው። አንገቷ ላይ የነበረው የመታነቅ ምልክት ግን ባልታሰበ አንድ ቅጽበት የሚደርስ አልነበረም፤ ዐቃቤ ሕጓ ሊንዳ ፌርስታይንም ክርክሯን የመሠረተችው በዚያ ላይ ነው።

የቻምበርስ ጠበቃ ጃክ ሊትማን ይባላል። የሟቿን ማስታወሻ ደብተር ፍርድ ቤቱ አስቀርቦ እንዲሰጠው ጠየቀ። ውስጡ የወሲብ ገድሏን የጻፈችበት ነው አለ። ጋዜጦቹ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳደረጉ ማንም መገመት ይችላል፤ «የወሲብ ደብተር» በትልልቅ ፊደል ወጣ። ልጅቷ ሞትን ራሷ ሄዳ እንደጠራችው አድርጎ በርዕስ የጻፈም አለ። እኔ እጅ የገባው ቁራጭ ከእነዚህ የአንዱ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የጻፍኩትን ለአዘጋጁ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ፣ «ደብተሩስ? ምን ይላል?» አለኝ። ቁራጩ ላይ የለም አልኩት። «አንባቢ እዚህ ድረስ ተከትሎህ መጥቶ በር ትዘጋበታለህ?» አለና ጽሑፉን ወደ እኔ ገፋው። ጻፍ አላለኝም፤ ይህን የምለው ለእሱ ተሟግቼ አይደለም፣ እውነቱ ስለሆነ ነው። ብዕሩ ያለው እኔ እጅ ነው። ሌሊቱን አንድ ገጽ ጻፍኩ። የአሜሪካ ሴት ልጅ ምን ትጽፋለች ብዬ ራሴን ጠየቅኩና መልሱን በቪዲዮ ቤት ካየናቸው ፊልሞች ቀዳሁት። የወንዶች ስም ደረደርኩ፤ በቁጥር ሳይቀር። እናትና አባቷ የተፋቱ መሆናቸው ከቁራጩ ላይ ስለነበር እሱን ወሰድኩና «ቤት የሚጠብቀኝ የለም» አሰኘኋት። ከዚያ ያቺን ዋጋ ያስከፍለኛል የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ስጨምራት ደስ ብሎኝ ነበር። ጥሩ ጸሐፊ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በስህተት አደረግኩት እንዳልል የሚከለክለኝ አንድ ነገር አለ። ያ የጋዜጣ ቁራጭ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ዳኛው ሃዋርድ ቤል ደብተሩን ለብቻቸው አንብበው ለክርክሩ የሚረባ ምንም ነገር እንዳላገኙበት፣ ለጠበቃውም እንደማይሰጥ መወሰናቸውን ይናገር ነበር። አንብቤዋለሁ። ዘለልኩት። ያን አንቀጽ ብተረጉመው ኖሮ ታሪኬ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ድብቅ ሕይወት የሚባል ነገር አይኖረውማ።

መጽሔቱ ተሸጠ። የአንባቢ ደብዳቤ መጣ፤ የሚበዙት ደብዳቤዎች ስለ ገዳዩ አንድ ቃል አልነበራቸውም። ሁሉም ስለ እሷ ነው። አንዱ ምስኪን ይላታል፣ አንዱ ባለጌ፣ አንዱ ወላጆቿን ይረግማል። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» ብሎ ጀምሮ ሁለት ገጽ ሙሉ የወቀሳትም አለ። እኛ ቢሮ ውስጥ ተሰብስበን ጮክ ብለን እያነበብን እንስቅ ነበር።

በተከታዮቹ ዓመታት ነገሩን በሙሉ ያነበብኩት ከኅሊና ወቀሳ ተነሥቼ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ኢንተርኔት ሲመጣ የድሮ ሥራዎቼን ወደ መጽሐፍ ላሰባስብ አስቤ ነው። ጠለቅ ብዬ ስፈትሽ ድብቅ ሕይወት የነበረው ሰው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ጋዜጦቹ መልከ መልካም፣ ጨዋ፣ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ ያሉት ቻምበርስ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ሴሚስተር በላይ አልቆየም፤ እንዲወጣ ከተደረገባቸው ነገሮች አንዱ የተሰረቀ ክሬዲት ካርድ ነበር። ኮኬይን ይወስዳል። ለሱሱ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት የሰው ቤት ሰብሮ ይሰርቃል። በቀን አንድ ሰው፣ በሌሊት ሌላ ሰው ነበር። በዋስ እንዲወጣ ከደገፉት ሰዎች መካከል ያን ጊዜ የኒውዋርክ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ቴዎዶር ማካሪክ ነበሩ፤ ደብዳቤ ጽፈውለታል። (እኚህ ሰው ራሳቸው በ2019 እ.ኤ.አ. በወሲብ ጥቃት ጉዳይ ከክህነት ተሽረዋል። የሰው ምስክርነት ነገር እንዲህ ነው።) ይህ ሁሉ እያለ ደብተሯ ተከፍቶ ይነበብ የተባለባት የሞተችው ልጅ ናት።

ሊትማንም ይህን መንገድ የጀመረው በእሷ አልነበረም። በ1977 እ.ኤ.አ. ቦኒ ጋርላንድ የምትባል የ20 ዓመት የየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በወላጆቿ ቤት እንደተኛች በመዶሻ ተገድላለች። ገዳይዋ ሪቻርድ ሄሪን የቀድሞ ፍቅረኛዋ ነው፤ እሱም የየል ምሩቅ። ልትለየው መፈለጓን ነግራው ነበር። ያን ጊዜም ጠበቃው ሊትማን ነበር። የዳኝነት ሸንጎው (ጁሪው) ሄሪንን ከግድያ ወንጀል አንሥቶ በቀለለው የሰው መግደል አንቀጽ ጥፋተኛ አለው። ጠበቃው ከፍርዱ በኋላ የልጅቷን ስም ጥቂት ማጉደፍ አስፈላጊ እንደነበር ሳይሸሽግ ተናግሯል፤ ሸንጎው እንከን የሌላት ልጅ አድርጎ እንዳያያት። በየል አካባቢ የነበሩ የካቶሊክ ምዕመናን ለገዳዩ ዋስትናና ጠበቃ ሲሯሯጡ እንደነበርም የታወቀ ነው። እነሱን ለመኮነን ቸኩዬ ነበር፤ በኋላ ግን ገባኝ። ሄሪን በሕይወት ስላለ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ይጸጸታል፣ ሲናገር ይሰማል። ቦኒ የምትለው ነገር ቢኖራት የሚናገርላት የለም።

እኔም ያደረግኩት የጠበቃውን ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ጠበቃው ደንበኛ ነበረው። ደብተሩን ቢለምንም የሚከለክል ዳኛ ነበረበት። እኔን የሚከለክል አልነበረም። ዳኛው ያልሰጡትን ገጽ እኔ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የቻምበርስ ሙግት የተጀመረው በጃንዋሪ 1988 እ.ኤ.አ. ነው። የሸንጎው አባላት ዘጠኝ ቀን ተወያይተው መስማማት ሲያቅታቸው፣ መጋቢት 16 ቀን 1980 ዓ.ም. (ማርች 25 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.) ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ተስማሙና ቻምበርስ በግድያ ሳይሆን በቀለለው አንቀጽና በአንድ የቤት ሰብሮ ስርቆት ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ከ5 እስከ 15 ዓመትም ተፈረደበት። ብዙም ሳይቆይ በዋስ ሳለ ግብዣ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ታየ፤ የትንሽ አሻንጉሊት አንገት እየጠመዘዘ የገደልኳት መሰለኝ እያለ ይቀልዳል። እስር ቤትም ጠባዩ ስላልተቃና 15ቱን ዓመት ጨርሶ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዚያ በኮኬይን ሽያጭ ተይዞ በ2008 እ.ኤ.አ. ሌላ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ተፈታ። የጄኒፈር እናት ኤለን ሌቪን ደግሞ ለተጎጂዎች መብት መታገሉን ሥራዋ አደረገችው። የኒውዮርክ ሕግ ቀድሞ የተጎጂን የወሲብ ሕይወት በፍርድ ቤት ከመበርበር የሚከለክለው በመደፈርና በመሰል ወንጀሎች ጉዳይ ብቻ ነበር። ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በግድያና በሌሎች ጉዳዮችም ዳኛው አስፈላጊነቱን አምኖ ካልፈቀደ በቀር አይቻልም። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ተውኩት። የተውኩት ግን አፍሬ ብቻ አይደለም፤ ያን ታሪክ ሳወጣ የሚቀረው ስብስብ ቀጭን ስለሚሆንም ነበር።

እስካሁን ያልኩት ሩቅ አገር ስለነበረችና ስለማታውቀኝ ሟች ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃሁ፤ ሰውም ይቅር ይለኝ ነበር። የምፈራው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ታሪኩ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጓደኛዬ እህት ሠርግ ላይ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ጋዜጠኛ መሆኔን ሰው ነገራቸው። የየትኛው መጽሔት እንደሆንኩ ሲሰሙ ሳህናቸውን አስቀመጡ።

«የዚያችን የአሜሪካ ልጅ ታሪክ የጻፍከው አንተ ነህ? የደብተሯን?»

«አዎ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። ዓይኔን የከፈትከው አንተ ነህ» አሉና እጄን ያዙኝ። ከዚያ ነገሩኝ። ሴት ልጃቸው ከአዲስ አበባ ውጪ ያለ ኮሌጅ ደርሷት ሁለተኛ ዓመት ነበረች። ለዕረፍት ስትመጣ እንደ ድሮው አታወራም፤ ማታ ማታ ደብተር ላይ ትጽፋለች። መጽሔቱን ጎረቤታቸው አዋሷቸው አነበቡ። ልጅቷ ገበያ ስትሄድ ሻንጣዋን ከፍተው ደብተሩን አወጡ። ያነበቡትን አልነገሩኝም። «መቼም የልጅ ነገር» ብቻ አሉኝ። አባትየው ሰማ። ልጅቷ ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ነው፤ ልጃቸውን ከሞት አፍ የመለሱ እናት እፎይታ። «አንተ ባትጽፈው ኖሮ የእኔም ልጅ እንደዚያች ትቀር ነበር» አሉ።

የዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። እትዬ፣ ያንን ገጽ እሷ አልጻፈችውም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ልጅዎ ደብተር ላይ ስለጻፈች አትሞትም፤ ጄኒፈርም የሞተችው ደብተር ስለነበራት አይደለም፣ አንድ ሰው አንገቷን ስላነቃት ነው። ይህን ለመናገር የጠላ ብርጭቆ ለማንሳት የሚበቃ ጊዜ አይወስድም። ልጅቷ ምናልባት ወደ ትምህርቷ ትመለስ ነበር፤ ገና ዓመቱ አላለቀም ነበር። እኔ ግን «ኧረ ምንም አይደል እትዬ» አልኩ። ሲያመሰግኑኝ ሰው እየሰማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ዘወር ብለው አዩኝ፤ ደስም ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ገጹን ከመጻፌ ይልቅ ያ ዝምታ ይከብደኛል። ገጹን ስጽፍ ማንን እንደምጎዳ አላየሁም ብዬ ልከራከር እችላለሁ፤ ደካማ ክርክር ነው፣ ግን ክርክር ነው። ሠርጉ ላይ ግን የተጎዳችው ልጅ እናት እጄን ይዘውኝ ነበር።

ስለ ልጅቷ ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ከጓደኛዬ ነው። አግብታለች፤ ልጆች አሏት፤ ሱቅ አላት። ሕይወቷ ተበላሸ የሚል ማስረጃ የለኝም፣ የሷን ሕይወት ደግሜ የሰቆቃ ታሪክ ላደርገውም አልፈልግም። ልትማር የሄደችውን ትምህርት ግን አልጨረሰችም። እናቷ አርፈዋል። ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ጋር ንፍሮ እየበላሁ ተቀምጬ ልጅቷን ከሩቅ አየኋት። አታውቀኝም።

ይህን አሁን የምጽፍበት ምክንያት ታላቅ አይደለም። የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ የወንጀል ታሪክ በአማርኛ ሲተረክ እያዳመጠ ነበር። ሙዚቃው የሚያስፈራ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። በመካከሉ ተራኪው «በደብተሯ ላይ እንዲህ የሚል ጽፋለች» አለና ዓረፍተ ነገሬን አነበበው። አንድ ቃል ሳይቀይር። ልጁ ስልኩን ወደ እኔ ዞር አድርጎ «ጋሼ፣ ሰማኸው? ራሷ አውቃው ነበር እኮ» አለኝ። ያኔ ነገርኩት። መጀመሪያ የነገርኩት ሰው እሱ ነው። ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና «እና ለምን ጻፍከው?» አለኝ። ይሸጣል ብዬ አልኩት። ሌላ የሚያምር ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ አጣሁ።

በመጽሔት ሙያ እርማት የሚባል ነገር አለ፤ ስህተቱ በወጣበት መጽሔት፣ በሚቀጥለው ዕትም ይወጣል። ያ መጽሔት ከታጠፈ ቆይቷል፤ አዘጋጁም በሕይወት የለም። ስለዚህ እርማቱ እዚህ ይውጣ። በ1986 ዓ.ም. ስለ ጄኒፈር ሌቪን ግድያ ባወጣሁት ታሪክ ውስጥ ከማስታወሻ ደብተሯ ተወሰደ የተባለው ገጽ በሙሉ የእኔ ፈጠራ ነው። የተደረደሩት ስሞች፣ ቁጥሩ፣ ስለ ወላጆቿ የተባለው፣ ሞቷን አስቀድማ ማወቋ፣ ሁሉም። ደብተሩን ያነበቡት ዳኛ ለጉዳዩ የሚረባ ነገር አላገኙበትም። ውስጡ ምን እንዳለ ለእኔም ለአንባቢም አያገባንም። ታሪኩን እየተረኩ ያሉ ወጣቶች ይህን ካነበቡ ያንን ክፍል ይቁረጡት፤ የፈጠርኩት እኔ መሆኔን በስሜ ቢናገሩ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ወደዚያች ሴት ሱቅ ሄጄ፣ እናትሽ ያነበቡትን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ይቅርታ እንደጠየቅኳት፣ እሷም ቡና አፍልታ እንዳስቀመጠችኝ ጽፌ ነበር። ጥሩ ሆኖ ተጽፎ ነበር። ሰረዝኩት፤ አልሄድኩም። ሱቁ የት እንደሆነ አውቃለሁ።